ሊቀመንበርነቱን ለሁለት ሰው እናካፍል ብለናል፤ ሮበርትስ ሩልስ ይፈቅዳል?

የክለቡ_ፀሐፊ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። አንድ ትንሽ ክለብ አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ኳስ እናሠለጥናለን፤ ሐዘን ሲደርስ ደግሞ እናዋጣለን። ግማሹ የስፖርት ክለብ፣ ግማሹ ዕድር በሉት። በስቴቱ ተመዝግባለች፣ ፋይቭ-ኦ-ዋን-ሲ-ስሪ የሚባለው ከግብር ነፃ የመሆን ፈቃድም አላት።

መተዳደሪያ ደንባችን ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ይላል። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። መጨረሻ ላይ «በዚህ ደንብ ባልተጠቀሰ ጉዳይ ሁሉ ሮበርትስ ሩልስ ይሠራል» የምትል መስመር አለች። ከሌላ ማኅበር ደንብ ላይ የተቀዳች ትመስለኛለች። የስብሰባ ሥነ ሥርዓት መጽሐፍ ነው ይባላል፤ ገልጦ ያየው ሰው ግን በመካከላችን የለም።

አሁን ምርጫ ደርሷል። ለሊቀመንበርነት የሁለት ሰው ስም እየተነሣ ነው። አንደኛው ክለቡን ከመሠረቱት ውስጥ የሆኑ ጋሼ ናቸው። የተጣላ ሁሉ አስታርቁኝ ብሎ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ኢሜይል ግን አይነካኩም። ሁለተኛዋ ወጣት ነርስ ናት። ከካውንቲው ሜዳ የምታስፈቅድልን እሷ ናት። የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ ሙሉውን ሸክም ብቻዋን አትችለውም። ሁለቱም «አብረን ከሆነ እሺ፣ ብቻዬን ከሆነ ይቅርብኝ» ብለዋል። አባላቱ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ማጨብጨብ ብቻ ነው የቀራቸው።

እኔ ግን ጨንቆኛል። ቃለ ጉባኤ ላይ «ሁለት ሊቀመናብርት ተመረጡ» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

ቀይ_ካርድ

ሁለት ዋና ዳኛ ባለበት ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት የሚሰጠው ማነው? አንዱ ሲነፋ ሌላው «ቀጥሉ» ካለስ? 😀

የቡና_ሰዓት

ምን ችግር አለው ልጄ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው። እኛ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ሁለት እህቶች አብረው መርተውናል። አንዷ ስትደክም አንዷ ትይዛለች። በዚህ አገር ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ፣ በነፃ ሊቀመንበር የሚሆን ሰው ማግኘት በራሱ ተአምር ነው። ሁለት ሲመጣላችሁ ተመስገን በሉ እንጂ መጽሐፍ አትፈልጉ።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

ወንድሜ ፀሐፊው፣ ጭንቀትህ ልክ ነው። አሁን ባለው ደንባችሁ አይቻልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ የማን ቃል ከማን እንደሚበልጥ እንይ። ከላይ ያለው የስቴቱ ሕግ ነው። ቀጥሎ ስትመዘገቡ ያስገባችሁት የመመሥረቻ ሰነድ። ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንባችሁ። ሮበርትስ ሩልስ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በታች ነው። ደንባችሁ ዝም ባለበት ብቻ ነው የሚናገረው። የእናንተ ደንብ ደግሞ እዚህ ላይ ዝም አላለም። «ሊቀመንበር» ብሏል፤ አንድ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሰው ቢመርጥ ምርጫው ከደንቡ ጋር ይጋጫል። እንዲህ ያለ ግጭት ደግሞ ጊዜ አያልፍበትም። ብዙ የሥነ ሥርዓት ስሕተት ወዲያው ካልተነሣ ያልፋል፤ ይህኛው ግን ሁኔታው እስከቀጠለ ድረስ ማንም አባል በማንኛውም ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፣ ምርጫው ዋጋ የለውም» ማለት ይችላል። ዛሬ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዓመት በኋላ በአንድ ቼክ የተከፋ ሰው ደንቡን ይዞ ይመጣል።

«ሁላችንም ተስማምተናል እኮ» ማለትም አያዋጣም። እንዲህ ያለውን የደንብ አንቀጽ በአንድ ድምፅ እንኳ ለጊዜው ማገድ አይቻልም። መንገዱ አንድ ነው፤ ደንቡን ማሻሻል።

ሁለተኛው ነገር፣ መጽሐፉ ራሱ ጣምራ ሰብሳቢ የሚባለውን ነገር አይወደውም። ስለ ኮሚቴዎች በሚናገርበት ክፍል ላይ ስያሜውን አትጠቀሙበት ይላል። አንድን ሥራ ለሁለት ለመካፈል ሲሞከር መውጫ የሌለው አጣብቂኝ ይመጣል ነው ምክንያቱ። ግን ምክር ነው፤ ደንባችሁ ውስጥ ካስገባችሁት ደንባችሁ ይበልጣል።

የመጽሐፉ ባለቤት ሄንሪ ማርቲን ሮበርት ወታደር ነበር፤ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ። እ.ኤ.አ. በ1863 ኒው ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተባለ። ስብሰባው ተበጠበጠበት። ከዚያ በኋላ ነው ሥርዓቱን ማጥናት የጀመረው፤ መጽሐፉ በ1876 ወጣ። አሁን የሚሠራበት በ2020 የወጣው 12ኛው እትም ነው፣ ከ700 ገጽ በላይ። የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ተበጥብጦበት 700 ገጽ ሕግ ያስጻፈውን ሰው እኛ ሐበሾች ልንረዳው ይገባል።

የቡና_ሰዓት

ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን የኛ ማኅበር ውስጥ ምንም አልሆነም አልኩህ እኮ።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

እትዬ፣ ምንም ያልሆነው እህቶቹ ስላልተጣሉ ነው። ደንብ የሚጻፈው ለተጣላ ሰው ነው። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ስብሰባው ላይ ማን ነበር ከፊት የሚቀመጠው?

የቡና_ሰዓት

ታላቂቱ። ታናሺቱ ስልኩንና ወረቀቱን ነበር የምትይዘው።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

እንግዲያው ሊቀመንበርና በጣም ጎበዝ ምክትል ነበራችሁ ማለት ነው እትዬ።

ታሪክ_ወዳድ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ሥልጣን መካፈል ለኛ አዲስ አይደለም። ከ1909 ዓ.ም. በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ጦሩን ይዘው አገር ተመርቷል። ሦስት ሰው! ሮበርትን ሳይጠይቁ።

ሰፈር_ዕድር

ወዳጄ ታሪክ ወዳድ፣ የጠቀስከው ምሳሌ እኮ ራሱን ይቃወማል። ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። ለየራሳቸው ስምና ድርሻ ነበራቸው። ድርሻው የቱ ጋ እንደሚያበቃ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ግፊያ ነበር። ፊታውራሪ በ1919 ሲያርፉ ሚዛኑ ወዲያው ወደ ተፈሪ አጋደለ። በ1921 ንጉሥ ተባሉ። ያ መካፈል የቆመው ሰዎቹ እኩል እስከተፈራሩ ድረስ ነበር።

ታሪክ_ወዳድ

እሺ እሱስ ልክ ነህ። ግን አሥር ዓመት ገደማ ሠርቷል። የስንቱ ክለብ ሊቀመንበርነት አሥር ዓመት በሰላም ይቆያል?

ነታንያ_ነኝ

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ እንዲህ ያለውን ነገር በመንግሥት ደረጃ አይተነዋል፤ በተራ መያዝ ነው መፍትሔው። እ.ኤ.አ. በ1984 ምርጫ ማንም በግልጽ አላሸነፈም። ሺሞን ፔሬስና ይስሐቅ ሻሚር ተስማሙ። ፔሬስ ቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ሻሚር የውጭ ጉዳይ። በጥቅምት 1986 ተቀያየሩ። ሠራ።

በ2020 ግን ኔታንያሁና ጋንትዝ ተመሳሳይ ነገር ተስማሙ። እንዲያውም የዚያን ጊዜ መሠረታዊ ሕጉ ራሱ ተሻሽሎ «ተለዋጭ ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚባል ቦታ ተፈጠረ። ጋንትዝ ተራው ሳይደርስ በጀት አልጸድቅ ብሎ በታኅሣሥ ክኔሴቱ፣ ማለትም ፓርላማው፣ ተበተነ። ቀጥሎ ቤኔትና ላፒድ በ2021 ተስማሙ፤ ላፒድ በሐምሌ 2022 ተራውን አገኘ፣ ያውም ክኔሴቱ ከተበተነ በኋላ ለምርጫ እስኪደረስ ድረስ።

የሚገርመኝ፣ በስምምነት ብቻ የቆመው የ1984ቱ ሠርቷል፤ ሕግ የተጻፈለት የ2020ው ፈርሷል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛው ሰው ተራው ካልደረሰ ምን እንደሚያገኝ አስቡበት።

የክለቡ_ፀሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተራ የሚለው ነገር ደስ ብሎኛል። ደንቡን ሳንነካ እንዲህ ብናደርግስ? ጋሼ ሊቀመንበር፣ እሷ ምክትል ሆነው ይመረጡ። ዓመት ሲሞላ ጋሼ ይልቀቁና እሷ ትግባ። እሳቸው ደግሞ በምክትልነት ይተኩ። ይሄ በሮበርት ያስኬዳል?

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

ግማሹ ያስኬዳል፣ ሌላው ግማሽ ቃል ኪዳን ብቻ ነው።

የሚያስኬደው ይህ ነው። ሊቀመንበር ሲለቅ ምክትሉ ያለ ምርጫ፣ ያለ ድምፅ፣ ወዲያውኑ ሊቀመንበር ይሆናል። «አልፈልግም» ማለት እንኳ አይችልም፤ ካልፈለገ ከሁሉም መልቀቅ ነው። ክፍት የሚሆነው የምክትሉ ቦታ ነው። እሱን ደግሞ ደንባችሁ በሚለው መንገድ ትሞላላችሁ። ጋሼ ሊመረጡበት ይችላሉ፤ ላይመረጡም ይችላሉ። በራሱ የሚሆን መቀያየር የለም።

የማያስኬደው ደግሞ፣ «ዓመት ሲሞላ እለቃለሁ» ያለ ሰው እንዲለቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። የተመረጡት ለሁለት ዓመት ነው። በዓመቱ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ደንቡ ከሳቸው ጋ ነው። መልቀቂያውም ቢገባ ሊቀበለው የሚገባው አካል መቀበል አለበት። ለጋሼ እንዲህ አያደርጉም ትለኛለህ። ላያደርጉ ይችላሉ። ግን አባላቱ «ሁለት ዓመት መርጠናቸው፣ ማን ልቀቁ አላቸው?» ብለው ሊለምኗቸው ይችላሉ። በኛ ባህል ይህ የተለመደ ነው፤ ሽማግሌ ሲለቅ ዝም ብሎ መሸኘት ነውር ይመስለናል።

በጣም ቀላሉ መንገድ የሥራ ዘመኑን አንድ ዓመት ማድረግ ነው። ዘንድሮ እሳቸውን ምረጡ፣ ከርሞ እሷን። ማንም ማንንም አይለምንም።

ቀይ_ካርድ

በየዓመቱ ምርጫ? የእኛ ክለብ አንድ ምርጫ አድርጎ ለመታረቅ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

ኦዲተሯ

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የትንንሽ ማኅበራትን ወረቀት እሠራለሁ። ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ስብሰባው ላይ ሁለት ሰው ማስቀመጥ ትችላላችሁ። መንግሥት ግን አንድ ስም ነው የሚጠይቃችሁ።

የማኅበራችሁ የታክስ ቁጥር «ኃላፊ ሰው» ተብሎ አንድ ግለሰብ ተመዝግቦበታል። ሲቀየር በ60 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ፎርሙ 8822-ቢ ይባላል። በየዓመቱ የምትቀያየሩ ከሆነ በየዓመቱ ይህን ማን እንደሚልክ አሁኑኑ ወስኑ፤ ማኅበራት ከሚረሱት ነገር አንደኛው ይህ ነው። የዓመት ገቢያችሁ በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ የምትሞሉት አጭሩን ዓመታዊ ሪፖርት፣ 990-ኤንን ነው። እሱም የአንድ ዋና ኃላፊ ስምና አድራሻ ነው የሚጠይቀው። ቀልድ አይደለም፤ ደብዳቤው የሚሄደው እዚያ አድራሻ ነው።

ባንኩ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ሁለት ሰው ጥሩ ነው። አገር ቤት እንደምናውቀው በጣምራ ፊርማ አድርጉት። ግን ሁለቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ሊቀመናብርት አይሁኑ። አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሁን። ሁለት ሊቀመንበር ብቻ የሚፈርምበት ሂሳብ ካለ ገንዘብ ያዣችሁ ምን ሊሠራ ነው?

የሜሪላንድን ሕግ ደግሞ ልብ በሉ። ኮርፖሬሽን ሁሉ ፕሬዚዳንት፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ሊኖረው ይገባል ይላል። ደንባችሁ ከፈቀደ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ኃላፊነት መያዝ ይችላል፤ ፕሬዚዳንትም ምክትል ፕሬዚዳንትም በአንድ ጊዜ መሆን ግን አይችልም። ስለዚህ «ሁለቱም ሊቀመንበርም ምክትልም ናቸው» የሚል ብልጠት እንዳታስገቡ። ሰው ሲጽፈው ስላየሁ ነው።

የክለቡ_ፀሐፊ

እህቴ ኦዲተሯ፣ አሁን ገና ነቃሁ። በታክስ ቁጥሩ ላይ ያለው ስም ክለቡ ሲመሠረት የነበረው ሰው ሳይሆን አይቀርም። እሱ አትላንታ ከሄደ ቆይቷል።

ኦዲተሯ

😅 እንግዲያው ሥራህን ከዚያ ጀምር።

ሰፈር_ዕድር

እኔ ጉለሌ ዕድር ውስጥ ነው ያደግሁት። አባቴ ፀሐፊ ነበር። ዳኛው ስብሰባ ይመራል፣ ፀሐፊው ስም ይጠራል፣ ገንዘብ ያዡ ይቀበላል፣ ተቆጣጣሪዎቹ ይቆጥራሉ። አንድ ሥራ ለሁለት አልተሰጠም፤ ሥራው ራሱ ተከፋፍሎ ነው የተሰጠው። ዳኛው ገንዘብ አይነካም፤ ገንዘብ ያዡ አይፈርድም። እናንተም ሊቀመንበርነቱን ለሁለት ከምትሰነጥቁ፣ ሊቀመንበሩ ላይ የተከመረውን ሥራ አንሡለት።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

ሰፈር ዕድር ያለው መጽሐፉም የሚስማማበት ነው። ለምሳሌ ፀሐፊነትን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቃለ ጉባኤ ፀሐፊ፣ ሌላውን የደብዳቤ ፀሐፊ ማድረግ የታወቀ ነው። ምክትሎችንም አንደኛና ሁለተኛ አድርጎ ለእያንዳንዳቸው ሥራ መስጠት ይቻላል። እነዚህ ለየብቻ ቦታ ናቸው፤ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ ግራ አያጋባም።

የእናንተን ነገር ሳየው ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት ሥራ ለየቅል ነው። ጋሼ መድረክና ሽምግልና። እሷ ካውንቲ፣ ኢሜይል፣ ውል። በቃ ደንቡ ላይ ጻፉት። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ይመራል፣ ክለቡን በሐዘንና በደስታ ይወክላል። ምክትሏ የውጭ ግንኙነትና የሜዳ ጉዳይ ሙሉ ኃላፊ ናት፤ በዚህ ላይ ለመወሰን የሊቀመንበሩን ፈቃድ አትጠብቅም። ይህን ለማድረግ ሁለት ሊቀመንበር አያስፈልግም።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሊቀመንበር በትልቅ ስብሰባ ላይ በአንድ ጉዳይ መከራከር ከፈለገ ወንበሩን ለምክትሉ ይለቃል። ጉዳዩ እስኪቋጭም አይመለስም። ድምፅ የሚሰጠውም ድምፁ ውጤቱን የሚቀይር ሲሆን ወይም ምርጫው በምስጢር ሲሆን ነው። ከደርዘን ያልበለጠ ሰው በሚቀመጥበት ቦርድ ላይ ግን እንደማንኛውም አባል ይናገራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጣል። የእናንተ ሥራ አስፈፃሚ አራት ሰው ስለሆነ እዚያ ጋሼና እሷ እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው።

የክለቡ_ፀሐፊ

ይህን ይዤ ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። እሷ ወዲያው «እኔ ስሙ አያስጨንቀኝም» አለች። ጋሼም ሊቀመንበር መሆኑን አልጠሉትም። ግን ሌላ ነገር አመጡ። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጅቷ ከፊት መሆን አለባት። እኔ ደግሞ ምክትል ልባል አልችልም» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ክለቡን የመሠረቱ ሰው ናቸው።

የቡና_ሰዓት

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዕድሜ ምክትል ማለት ያስከፋል። እናንተ ወረቀት ስታዩ ሰውዬውን ረሳችሁት።

ቀይ_ካርድ

እትዬ በዛሬው አሸነፉ።

ነታንያ_ነኝ

እዚህ ቤት ቢሆን ቄሶቹም ሽማግሌዎቹም ኮሚቴ ውስጥ ሳይገቡ ነው የሚከበሩት። ማዕረግና ሥራ አንድ ላይ መታሠር የለበትም።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

የክብር ሊቀመንበር አድርጓቸው። መጽሐፉ ያውቀዋል። ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ጠቅላላ ጉባኤው ለክለቡ ትልቅ አገልግሎት ለሰጠ ሰው የክብር ሊቀመንበርነት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ማዕረግ ነው፤ ሥራ የለውም። በስብሰባ ተገኝቶ የመናገር መብት ይሰጣል። ድምፅ ግን አይሰጥም፤ ጋሼ ድምፅ የሚሰጡት አባል ስለሆኑ ነው። ለዕድሜ ልክም ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ዘመን አይቆጠርበትም። ማዕረጉን ለመስጠት ደንቡ ላይ መኖር አለበት፤ በጭብጨባ ብቻ አይሰጥም።

ሽምግልናውን ደግሞ በኮሚቴ ስጧቸው። «የእርቅና የሐዘን ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ»። ያ እውነተኛ ሥራ ነው።

ኦዲተሯ

እና ባንኩ ላይ እንዳትጨምሯቸው። የክብር ሰው ቼክ አይፈርምም።

የክለቡ_ፀሐፊ

ይህን ነግሬያቸው «እናስብበት» ብለዋል። በዚህ መሐል ግን አባላቱ ሁለት ሊቀመንበር የሚለውን አልተውም። ቡድን ላይ በየቀኑ ነው የሚወራው። ስለዚህ ሁለቱንም አማራጭ ለጉባኤ ላቅርብ ብዬ የጣምራውን ረቂቅ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ክለቡ ሁለት ጣምራ ሊቀመናብርት ይኖሩታል። እኩል ሥልጣን አላቸው። ሥራቸውን በመስማማት ያከናውናሉ።»

በቂ ነው?

ሰፈር_ዕድር

«በመስማማት» የሚለው ቃል ላይ ነው ጠቡ ሁሉ የሚቀመጠው።

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

ይህን እንዳታቀርበው። እኔ ጣምራውን አልደግፍም፤ ግን የምታቀርቡት ከሆነ ቢያንስ ጥያቄዎቹን ይመልስ።

ስብሰባውን ማን ይመራል? «አንዱ በጎዶሎ ወር፣ ሌላው በሙሉ ወር» ብለህ ጻፍ። የጥንቶቹ ሮማውያን ሁለቱ ቆንስሎች፣ አገር የሚመሩት ሹሞች፣ እንኳ በወር ነበር የሚፈራረቁት። አንዱ የሌላውን ውሳኔ መሻር ይችልም ነበር፤ እሱን ግን አትቅዱት።

ሥራ አስፈፃሚ ላይ ስንት ድምፅ አላቸው? አንድ ነው ሁለት? ሁለት ከሆነ ከአራት ወደ አምስት ሰው ትሆናላችሁ፤ እኩል መከፈል ይቀንሳል። አንድ ከሆነ ደግሞ ሲለያዩ ድምፁ ይጠፋል ብላችሁ ጻፉ። በሮበርት አንድ ሰው ሦስት ቦታ ቢይዝም ድምፁ አንድ ነው። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሲይዝ ግን መጽሐፉ አያግዛችሁም፣ ምክንያቱም ቦታውን አያውቀውም።

ካልተስማሙ ማን ይወስናል? ሥራ አስፈፃሚው በአብላጫ ድምፅ ብላችሁ ጨርሱት። ምልዓተ ጉባኤው ምን ያህል እንደሆነም አብራችሁ አስተካክሉ፤ የሰው ቁጥር ተቀይሯል።

አንደኛው ሲለቅ ወይም ሲሞት ምን ይሆናል? ሌላው ብቻውን ይቀጥላል፣ ወይስ ምክትሉ ገብቶ ሁለት ይሆናሉ? ይህን ያልጻፈ ማኅበር ሁለቱ ሲጣሉ አንዱ «እለቃለሁ» ብሎ ያስፈራራል፤ ማንም ምን እንደሚከተል አያውቅም።

ምርጫውስ? ለየብቻ ነው የሚመረጡት ወይስ እንደ ጥንድ? እንደ ጥንድ ከሆነ ሌላ ጥንድ ያላገኘ አባል መወዳደር አይችልም ማለት ነው። ይህ ለኔ ትልቁ ችግር ነው። አንድ ብቻውን መምራት የሚችል ጎበዝ ልጅ ቢመጣ ጓደኛ ፈልገህ ና ልትሉት ነው?

ኦዲተሯ

ባልና ሚስት ጥንድ ሆነው ቢመጡስ? እያየን ነው እኮ። ሙሉውን 990 የሚሞላ ማኅበር ኃላፊዎቹ የቤተሰብ ወይም የንግድ ግንኙነት እንዳላቸው ይጠየቃል። ክልክል አይደለም፣ ግን ይጻፋል። እርዳታ ሰጪው ድርጅትም ያነበዋል።

ቀይ_ካርድ

ባልና ሚስት ሊቀመንበር ከሆኑ ስብሰባው መኪና ውስጥ አልቆ ነው የሚመጣው።

የክለቡ_ፀሐፊ

😂 እሺ። ረቂቁን እንደገና እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር እየጻፍኩት ስሄድ አንድ ሊቀመንበር፣ አንድ ሥራው የተለየ ምክትል፣ አንድ የክብር ሊቀመንበር የሚለው በጣም አጠረ። የጣምራው አንድ ገጽ ሊሞላ ነው።

ሁለት የመጨረሻ ጥያቄ። ደንባችን ስለ ማሻሻያ አንድም ቃል የለውም። ስንት ድምፅ ነው? ማስታወቂያውንስ ቫይበር ግሩፕ ላይ ብለጥፈው ይበቃል?

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

ደንቡ ዝም ካለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ተሰጥቶ ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ነው። ማስታወቂያ ካልተሰጠ ደግሞ የጠቅላላ አባላቱ አብላጫ ያስፈልጋል፤ የመጡት ብቻ ሳይሆኑ በመዝገብ ያሉት ሁሉ ማለት ነው። ያንን ቁጥር አዳራሽ ውስጥ እንደማታገኘው እናውቃለን። ስለዚህ ማስታወቂያውን በደንብ ስጥ።

ቫይበር ብቻ አይበቃም። በፖስታ ለእያንዳንዱ አባል ይላካል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ የሚቻለው በዚያ መንገድ ይላክልኝ ብሎ ለተስማማ አባል ነው። የተስማሙትን በጽሑፍ ያዝ፤ ለቀሩት ፖስታ ላክ። «ስለ ደንብ ማሻሻያ እንነጋገራለን» ብለህ እንዳትልክ ደግሞ። የሚቀየረው አንቀጽና አዲሱ ቃል ይገለጽ።

የክለቡ_ፀሐፊ

ምርጫውም በዚያው ቀን ነው። ችግር አለው?

ሥነ_ሥርዓት_ጥያቄ

የለውም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቅ። የደንብ ማሻሻያ ሌላ ቀን ካልተቆረጠለት እንደጸደቀ ወዲያው ይሠራል። ስለዚህ አጀንዳው ላይ ማሻሻያው ከምርጫው በፊት ይግባ። ከጸደቀ በአዲሱ ትመርጣላችሁ። ሁለት ሦስተኛ ካላገኘ በድሮው ደንብ ምርጫው ይቀጥላል፤ ሊቀመንበር አንድ፣ ምክትል አንድ። ለዚያ እንዲሆን ጋሼም ልጅቷም ከወዲሁ ለየብቻ፣ ለተለያየ ቦታ ዕጩ ሆነው ይጠቆሙ። አለበለዚያ ማሻሻያው ወድቆ፣ ዕጩ የሌለው ምርጫ ላይ ትቀመጣላችሁ።

የክለቡ_ፀሐፊ

ጋሼ ለየብቻ መጠቆሙን እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ለማንኛውም ነገ ማታ እሄድና አነጋግራቸዋለሁ። ልጅቷ ከሺፍት ስትወጣ ትምጣ ብያታለሁ።

የቡና_ሰዓት

ባዶ እጅህን እንዳትሄድ።